ባዜቃ ቤት ውስጥ ሲፈስ፦ ሜርኩሪ ያለባቸውን የቤት ዕቃዎች በወሎ እንዴት እንያዝ፣ እንዴትስ እናስወግድ

የትኩሳት መለኪያ ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር የቤቱ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ውኃ ረጨት አድርጎ ይጠርጋል፣ ጥራጊውን ከጓሮ ቆሻሻ ጋር ያቃጥላል፣ ወለሉን በበረኪና ይወለውላል። ለሌላው ቆሻሻ ሁሉ የሚበጀው ይህ የጽዳት ልማድ ለሜርኩሪ፣ በአማርኛችን ለባዜቃ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስህተት ነው። መጥረጊያው ይበትነዋል፣ እሳቱ በአንድ ጊዜ ወደ አየር ይለቀዋል፣ ውኃው ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሁሉ ሌላው ቢረሳ እንኳ ይህ አይረሳ፦ አይጥረጉ፣ አያቃጥሉ፣ አይጠቡ።

መጥረጊያው ለምን ይጎዳል

ባዜቃ በቤት ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚቆይ ብረት ነው። ከውኃ 13 እጥፍ ተኩል ይከብዳል። አይታይም እንጂ ሳይሞቅም ይተናል፤ ትነቱ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው ከሚተነፍሰው የሜርኩሪ ትነት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል። በአንጻሩ ልጅ ከቴርሞሜትር የወጣች ጠብታ ቢውጥ አብዛኛው ሳይዋሃድ በሰገራ ይወጣል። ወላጅ የሚደነግጠው በተዋጠው ነው፤ ይበልጥ መፈራት ያለበት ግን ከአልጋ ሥር ገብታ ለወራት የምትተነው ጠብታ ናት።

መጠኑን በቁጥር እንየው። ከመለኪያው የወጣው ባዜቃ በአንድ ላይ ቢሰበሰብ 5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች አንዲት እንክብል ነው፤ ከአተር ፍሬ አይበልጥም። ይህችን እንክብል መጥረጊያ ቢመታትና እያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊሜትር በሆኑ 1000 ጠብታዎች ብትበተን፣ ክብደቷ ያው ሆኖ አየር የሚነካው ገጿ 10 እጥፍ ይሆናል። ትነቱም በዚያው ልክ ይፈጥናል። ጠብታዎቹ ደግሞ በዓይን ለማየት ያስቸግራሉ፤ የመጥረጊያው ጭራ ውስጥ ገብተው ወደ ጓዳም፣ ወደ መኝታ ቤትም ይዞራሉ።

ሙቀትም ለውጥ ያመጣል። አየሩ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወጣ የሜርኩሪ ትነት ግፊት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በባቲ፣ በከሚሴ ወይም በቆቦ የቀን ሙቀት ያለ ሰው ከደሴው ይልቅ መቸኮል ይገባዋል። የደሴው ችግር ሌላ ነው፤ ብርዱን ፈርቶ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ የሚቀመጥ ቤት ትነቱን ያጉረዋል።

ቤት ውስጥ የት የት አለ

የብርጭቆ ትኩሳት መለኪያ ዋናው ነው። ወባ በሚመላለስባቸው ቆላማ ቀበሌዎች ብዙ ቤት ይዞታል። ውስጡ ያለው መስመር ብርማ ከሆነ ሜርኩሪ ነው ብለው ይያዙት፤ ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ቀለም የገባበት አልኮል ነው። አንዱ መለኪያ ከግማሽ ግራም እስከ አንድ ግራም ተኩል ይይዛል።

ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ የብርጭቆ ዓምድ ያለው የድሮ የደም ግፊት መለኪያ ከ80 እስከ 100 ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይይዛል። የአንድ መቶ ቴርሞሜትር ያህል ማለት ነው። ጡረታ የወጣ የጤና ባለሙያ ባለበት ቤት ቁም ሣጥን አናት ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ጥምዝምዙ ቆጣቢ አምፖል በጣም ትንሽ ነው ያለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በመላ አገሪቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ስለተሰራጨ ግን የሌለበት ቤት ጥቂት ነበር። በየሱቁ የተሰቀለው ረጅሙ ፍሎረሰንት፣ ብዙ ሰው ኒዮን የሚለው፣ ከዚህ ይበልጣል፤ የድሮዎቹማ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ኤልኢዲ አምፖል ሜርኩሪ የለበትም።

የቆዳ ማንጫ ክሬም ሌላው ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። የድሮ የሰዓት ባትሪዎች ጥቂት ይኖራቸዋል። አሮጌ ሬዲዮና የልብስ ስፌት መኪና ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚባል በውድ የሚሸጥ ነገር አለ የሚለው ወሬ ግን ውሸት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ወሬውን አምኖ ዕቃ የሚፈታና ገንዘቡን የሚያስረክብ ሰው ግን አለ።

ቴርሞሜትር ሲሰበር፦ ደረጃ በደረጃ

የሚያስፈልገው ሁሉ ከቤትና ከመድኃኒት ቤት ይገኛል፦ የላስቲክ ጓንት፣ ሁለት ጠንካራ ወረቀት (የደብተር ሽፋን ወይም የተቆረጠ ካርቶን)፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ሰፊ ፕላስተር፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ትንሽ ጠርሙስ፣ ሦስት አራት ፌስታልና የስልክ መብራት።

1. ሰዉን ያውጡ። መጀመሪያ ልጆችና ነፍሰ ጡር፣ ከዚያ ሌላው። ድመትም ዶሮም ካለ ይውጣ። ሲወጡ የፈሰሰበትን እንዳይረግጡ፤ የረገጠ ጫማውን በር ላይ ያውልቅ።

2. ወደ ውጭ የሚከፈተውን መስኮትና በር ይክፈቱ፤ ወደ ሌላ ክፍል የሚወስደውን ይዝጉ። የከሰል ምድጃ ካለ ያውጡ። ቡና ተጀምሮ ከነበረ ረከቦቱም ይነሳ፤ ሲኒውና ቆሎው በዚያ አየር ውስጥ መቆየት የለባቸውም።

3. የወርቅና የብር ጌጥዎን ያውልቁ። ቀለበት፣ አምባር፣ የአንገት ሐብል፣ ሁሉም። ባዜቃ ወርቅን ሲነካ ወዲያው ይዋሃደዋል፤ ወርቁ ነጥቶ ተሰባሪ ይሆናል። ይህ የደረሰበት ሰው ነገሩን ሳይናገር ወደ ወርቅ ሠሪ መሄድ የለበትም። ወርቅ ሠሪው ቀለሙን ለመመለስ እሳት ላይ ሲያደርገው ትነቱን የሚተነፍሰው እሱ ነው።

4. ጓንት አድርገው በመጀመሪያ የተሰበረውን ብርጭቆ ያንሱ። በወረቀት ጠቅልለው ለብቻው በፌስታል ያድርጉ።

5. ጠብታዎቹን በሁለቱ ጠንካራ ወረቀቶች ከዳር ወደ መሃል በቀስታ ይግፏቸው። ከዳር መጀመር አለብዎት፤ ከመሃል የጀመረ ወደ ውጭ ይበትናል። ሁለት ጠብታ ሲነካካ ራሱ ይዋሃዳል፤ ስለዚህ ሥራው ማቀራረብ እንጂ ማፈስ አይደለም።

6. የተሰበሰበውን በሲሪንጅ ቀስ ብለው ይሳቡና ጥቂት ውኃ ወዳለበት ጠርሙስ ይጨምሩ። ውኃው ከባዜቃው በላይ ሆኖ ትነቱን ይይዛል፤ አንድ ሁለት ጣት ከፍታ ይበቃል። ጠርሙሱ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ይሁን። የአሉሚኒየም ዕቃ ፈጽሞ አይሆንም፤ ባዜቃ አሉሚኒየምን በልቶ ይበሳዋል።

7. መብራቱን አጥፍተው የስልክዎን መብራት ከወለሉ ጋር አግድም ይያዙት። ከላይ ወደ ታች ሲበራ የማይታየው ደቃቅ ጠብታ ከጎን ሲበራ ያብለጨልጫል። ያገኙትን በፕላስተሩ በሚጣበቀው ገጽ ነካ እያደረጉ ያንሱ። ከወደቀበት ቦታ ሁለት ሦስት ሜትር ርቀት ድረስ ይፈልጉ፤ ከአልጋና ከሳጥን ሥር በደንብ ይዩ። አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚተወው ይህን ደረጃ ነው፤ ቤቱን የሚመርዘው ቅሪት ደግሞ እዚሁ ይቀራል።

8. ስንጥቅ ውስጥ የገባና ሊወጣ ያልቻለ ካለ የድኝ ዱቄት ይነስንሱበት። ድኝ ከባዜቃ ጋር ተዋህዶ እንዳይተን ይይዘዋል፤ ሥራው ግን አዝጋሚ ነው፤ የሚታየውን ጠብታ ማንሳትን አይተካም። በማግስቱ ዱቄቱን በእርጥብ ወረቀት አንስተው ከሌላው ጋር ያሽጉ።

9. ጓንቱን፣ ወረቀቱን፣ ሲሪንጁን፣ ፕላስተሩን ሁሉ በሁለት ፌስታል ደርበው ይቋጥሩ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ክፍሉ ቢያንስ 24 ሰዓት አየር ይግባበት፤ ያን ሌሊት ማንም አይተኛበት።

በረኪና ወይም አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አያፍስሱበት፤ መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ቫኪዩም ያለው ሰውም እንዳይጠቀምበት። ሞተሩ ሞቆ ባዜቃውን ያተነዋል፣ ከኋላው በሚወጣው አየርም ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል።

ምድር ቤት፣ ምንጣፍና ልብስ

በእበት የተለቀለቀ ወለል ላይ ከሲሚንቶ የተለየ ሥራ ይጠይቃል። ልቅለቃው ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ባዜቃው በክብደቱ ወደ ታች ይሰርጋል፤ በወረቀት መግፋቱ የላይኛውን ብቻ ያነሳል። የሚታየውን ካነሱ በኋላ የወደቀበትን ቦታ፣ ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል ጨምረው፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት በማንኪያ ወይም በትንሽ አካፋ ገፈው ያንሱ። አፈሩን አቧራ እንዳያነሳ በጣም ጥቂት አርጥበው ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ያድርጉት። ጓሮ፣ ማሳ ወይም የአትክልት መደብ ላይ አይድፉት። ከዚያ ወለሉን ሁለት ቀን ክፍት ትተው እንደገና ይለቅልቁት። ያልተገፈፈ ወለል ላይ አዲስ ልቅለቃ መደረብ ችግሩን ለጊዜው ይሸፍናል፤ ሲሰነጠቅ ይመለሳል።

ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ላይ ከወደቀ በር ላይ ወጥቶ ማራገፍ የለም። የነካው ክፍል ጠባብ ከሆነና ሊቆረጥ የሚችል ከሆነ ያንን ቆርጦ ማሸግ ይሻላል። ውድ ምንጣፍ መቁረጥ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ነገር ግን ልጅ በሆዱ ተኝቶ የሚያጠናበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ምንጣፍ ነው። ሰሌን ከሆነ በስንጥሩ መካከል የገባውን ማውጣት ስለማይቻል ሙሉውን ጠቅልለው ያሽጉት።

ባዜቃ የነካው ልብስ አይታጠብም፤ ከነቀሪው ይታሸጋል። በክፍሉ የነበረ፣ ግን ጠብታ ያልነካው ጋቢና ልብስ ውጭ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ቢታጠብ ችግር የለውም።

የደም ግፊት መለኪያ ከተሰበረ

ይህን ብቻዎን ለማጽዳት አይሞክሩ። 100 ግራም ባዜቃ ከ7 ሚሊሊትር ብዙም አይበልጥም፣ ግማሽ ሲኒ አይሞላም፤ ሲፈስ ግን በሺህ የሚቆጠር ጠብታ ሆኖ ክፍሉን ይሞላል። ሰዉን አውጥተው መስኮቱን ይክፈቱ፣ በሩን ዘግተው ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይወትፉ። ከዚያ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው የአካባቢ ጤና ባለሙያ ይጠይቁ። ያልተሰበረ አሮጌ መለኪያ ካለዎት ደግሞ ዛሬውኑ ይቆልፉት፦ ወደ ባዜቃው ማጠራቀሚያ የሚወስደው መዝጊያ ያለው ከሆነ ወደ ማጠራቀሚያው ጎን ጋደም አድርገው መልሰው ይዝጉት፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ቀጥ አድርገው በካርቶን ያስቀምጡት። ለቁራሌው አይስጡት፣ ለልዋጭም አይለውጡት። ብረቱን ፈልጎ በመዶሻ የሚሰብረው ልጅ የሚሰብረው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም።

አምፖል ሲሰበር

እዚህ ድንጋጤ አያስፈልግም። የአንድ ቴርሞሜትር ባዜቃ የመቶና ከዚያ በላይ ቆጣቢ አምፖሎች ያህል ነው። መስኮት ከፍተው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከክፍሉ ይውጡ፤ የመጀመሪያው ትነት የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ተመልሰው ስብርባሪውን በካርቶን ገፍተው ያንሱ፣ ነጩን ዱቄት በፕላስተር፣ ከዚያም በእርጥብ ወረቀት ያንሱ። ሁሉንም ክዳን ባለው ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ዘግተው ያን ዕለት ከቤት ያውጡ። ክፍሉ ለጥቂት ሰዓታት ይናፈስ። አምፖሉ ሲበራ ሳለ ከፈነዳ መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን ያጥፉ።

የተቃጠለ ግን ያልተሰበረ አምፖል በተገዛበት ካርቶን ይቀመጥ። ረጅሙን ፍሎረሰንት ወደ ቆሻሻ ማዳበሪያ እንዲገባ ብሎ መስበር የተለመደ ስህተት ነው፤ ጥቂት ሆነው ሲጠራቀሙ በጋዜጣ ጠቅልሎ ማሰር ይበቃል። ሱቅ ያላቸው ጎረቤታሞች በአንድ ካርቶን ቢያጠራቅሙ ማስረከቡም ይቀላል።

ቆዳ ማንጫ ክሬም

አንዳንድ ማንጫ ክሬሞችና ሳሙናዎች ውስጥ ሆን ተብሎ የሜርኩሪ ጨው ይጨመራል። ቆዳን የሚያነጣው ሜላኒን የሚባለው ቀለም እንዳይመረት በማገድ ነው፤ በቆዳ በኩል ገብቶም ኩላሊትን ይጎዳል። ሜርኩሪን የሚገድበው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ቀድሞ የሚፈቅደው ከ1 ሚሊግራም በኪሎግራም የማይበልጥ ነበር፤ እነዚህ ክሬሞች ያን በሺህ እጥፍ ያልፉታል።

ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል»፣ «መርኩረስ ክሎራይድ» ወይም «አሞኒየትድ ሜርኩሪ» የሚል ስም ካለ ያቁሙ። የተሠራበት ንጥረ ነገር ጭራሽ ያልተጻፈበትንም አይመኑ። ከሁሉ የሚያጋልጠው ግን «ወርቅና ብር እንዳይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ክሬሙን ከነዕቃው በፌስታል ደርበው ይቋጥሩ፣ ታጥበው ወደ ቦይ አይልቀቁት። ክሬሙ የነካውን ፎጣና የትራስ ልብስም ሳያጥቡ አብረው ያሽጉት። እናት ፊቷን ተቀብታ የምታቅፈው ሕፃን ከጉንጯ ይወስዳል፤ ስለዚህ የቤቱ ልጆችም አብረው ይታዩ። በሽንት ምርመራ ይታወቃል።

ሰው ከተጎዳ

ጠብታ የዋጠውን ልጅ አያስመልሱት። ብርጭቆም ውጦ ከሆነ ወይም ሆዱን ካመመው ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ክብ የሰዓት ባትሪ የዋጠ ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ባትሪው ጉሮሮ ላይ ከተያዘ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ስለሚችል ምንም ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

በሰዓታት ውስጥ ሳል፣ የደረት መጨነቅ፣ ትኩሳት ወይም አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ከመጣ ብዙ ትነት ተተንፍሷል ማለት ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣው ጉዳት የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳት፣ ያለምክንያት መቆጣትና የድድ መቁሰል ነው። የልጆች መዳፍና የእግር ጫማ ቀልቶ ሊላጥ ይችላል። ወተት መጠጣት የተተነፈሰውን ባዜቃ አያወጣም። በደሴ፣ በቦሩ ሜዳ ወይም በወልዲያ ሆስፒታል ሲቀርቡ «ሜርኩሪ ፈሶ ነበር» ብለው ቀኑን፣ መጠኑንና እንዴት እንደጸዳ ይንገሩ። ይህን ካልተናገሩ መንቀጥቀጡ የነርቭ፣ መቆጣቱ የጠባይ ተደርጎ ይታለፋል።

አሽጎ ማቆየትና ማስረከብ

ሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ወንዝ ዳር፣ የጓሮ እሳት፣ ሦስቱም መፍትሔ አይደሉም። ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ደግሞ በምድር ገጽ መውጫ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይቀራል። ውኃ ግርጌ ያሉ ባክቴሪያዎች ባዜቃን ሜቲልሜርኩሪ ወደሚባል ይበልጥ መርዛማ ውህድ ይለውጡታል፤ እሱም ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቅ ዓሣ እየተከማቸ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1956 በጃፓን ሚናማታ የታወቀው በሽታ የመጣው ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜቲልሜርኩሪ እንዲሁ በዓሣ ውስጥ ተከማችቶ ነው።

የታሸገውን ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ክዳን ባለው ባልዲ ያድርጉ። ላዩ ላይ በትልቁ «ባዜቃ (ሜርኩሪ)፣ መርዝ ነው፣ አትክፈቱ» ብለው ይጻፉ፣ ቀኑንም ይጨምሩ። ከመኝታና ከማድ ቤት፣ ከእህል ጎተራም ርቆ፣ ፀሐይ በማይነካውና በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ። በደንብ የታሸገ ባዜቃ ወራት ቢቆይ አይጎዳም፤ ስለዚህ ለመጣል አይቸኩሉ።

አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ነው። የሚያነጋግሩት የከተማዎን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ወይም የጤና ጣቢያውን የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነው፤ ገጠር ከሆኑ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል ይጀምሩ። ሳያነጋግሩ ይዘው አይሂዱ። ሲያስረክቡ ከመርፌና ከፋሻ ጋር ወደሚቃጠለው ቆሻሻ ወይም ወደ እንግዴ ልጅ ጉድጓድ እንዳይገባ በግልጽ ያሳስቡ፤ የጤና ተቋም ማቃጠያ ሜርኩሪን አያጠፋም፣ በጭስ ማውጫው ይለቀዋል። አምፖሎችን የሚቀበል ካላገኙና ለጽዳት ማኅበሩ መስጠት ግድ ከሆነ ለብቻ ታሽገው፣ ምን እንደሆኑ ተነግሮ ይሰጡ፤ የማኅበሩ ልጆች ማዳበሪያውን በእጅና በእግር ነው የሚጠቀጥቁት።

ሲያጓጉዙ ባልዲው ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ሕዝብ በሞላበት ታክሲ አይጫን፣ የመኪናው መስኮት ይከፈት። ክዳኑን የነካውን ጓንት ይዘው አይመለሱ፤ ካስረከቡት ዕቃ ጋር አብሮ እንዲቀር ተቀባዩ ፊት ያውልቁት።